ዌብሳይታችሁ አሁንም አሮጌው አናሊቲክስ ላይ ነው? ወደ ጂኤ4 የምትዛወሩበት መንገድ

ጉግል አናሊቲክስ ዌብሳይታችሁ ላይ ማን እንደገባና ምን እንዳደረገ የሚቆጥር የጉግል መሣሪያ ነው፤ ጂኤ4 (ጉግል አናሊቲክስ 4) ደግሞ አዲሱ ስሪቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዌብሳይታችሁን በኮምፒውተር ክፈቱ። ገጹ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና የገጹን ኮድ የሚያሳየውን ምረጡ። ኮንትሮልንና ኤፍን አንድ ላይ ተጭናችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዩኤ» እና ሰረዝ ብላችሁ ፈልጉ። ከሰረዙ ቀጥሎ ቁጥር ከተደረደረ ያ የድሮው የጉግል አናሊቲክስ መለያ ነው፤ ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ የሚባለው። ገጹ ላይ በ«ጂ» እና በሰረዝ የሚጀምር ሌላ መለያ ከሌለ ደግሞ ዌብሳይታችሁ ምናልባት ማንንም እየቆጠረ አይደለም። ከሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ማለት ነው።

ሁለቱንም ካላገኛችሁና በ«ጂቲኤም» የሚጀምር ነገር ካያችሁ መለያው የተቀመጠው ጉግል ታግ ማኔጀር ውስጥ ነው፤ የመቁጠሪያ ኮዶችን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የጉግል መሣሪያ ነው። እዚያ ገብታችሁ ተመልከቱ።

የብዙ ትንንሽ ሱቆችንና ማኅበራትን ዌብሳይት ኮድ ከፍቼ አይቻለሁ። አሮጌው መለያ ዛሬም እንደተሰቀለ ነው። ባለቤቶቹ ይቆጠራል ብለው አምነው ተቀምጠዋል፤ ለማስታወቂያ በየወሩ ብር ይከፍላሉ፣ ማን እንደመጣና ምን እንደገዛ ግን የሚነግራቸው ነገር የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ማስተካከሉ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነውና እባካችሁ አብረን እንሥራው።

ምሳሌ እንያዝ። ሽሮ ሜዳ ያለ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ እንበል። ዌብሳይቱ በዎርድፕረስ የተሠራ ነው። ደንበኞቹ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው። አንዳንዱ ዌብሳይቱ ላይ ይከፍላል፣ ብዙው ግን ፎቶውን አይቶ በቴሌግራም ይጽፋል ወይም ይደውላል።

ምን ተለወጠ?

ጉግል በ2005 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኧርቺን የሚባል ድርጅት ገዛ፤ ጉግል አናሊቲክስም በዚያው ዓመት ወጣ። ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ በ2012 ተዋወቀ። ጂኤ4 በኦክቶበር 2020 ይፋ ሆነ። አሮጌው በ2023 መቁጠር አቆመ፤ ከፍለው ለሚጠቀሙ ትልልቅ ድርጅቶች አንድ ዓመት ተጨመረላቸው፤ ከዚያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 በኋላ የድሮው ዳታ ራሱ ተዘጋ። ስለዚህ የድሮ ሪፖርታችሁን አሁን ገብታችሁ ማውጣት አትችሉም። ያኔ በኤክሴል ያወረደ ሰው ካለ ፋይሉን ፈልጉትና በሁለት ቦታ አስቀምጡት። ወደ ጂኤ4 አይገባም፣ ግን የድሮ ዓመታትን ለማየት ያለው እሱ ብቻ ነው።

ከቀኑ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ግን የአቆጣጠሩን ልዩነት መረዳት ነው። የታክሲ ረዳት አስቡ። አሮጌው ምልልስን የሚቆጥር ረዳት ነበር፦ ከሜክሲኮ ሳር ቤት አንድ ጉዞ፣ ስንት ሰው ጫንን፣ ስንት ቦታ ቆምን። አዲሱ እያንዳንዱን ድርጊት ለብቻው ይጽፋል። አንድ ሰው ተሳፈረ። ሒሳብ ከፈለ። «ወራጅ አለ» አለ። ወረደ። እያንዳንዱ ድርጊት ኢቨንት ይባላል፤ ከጎኑ የሚጻፈው ዝርዝር፣ የት ተሳፈረ፣ ስንት ከፈለ የሚለው፣ ፓራሜትር ይባላል። ገጽ መክፈትም ኢቨንት ነው፣ መግዛትም ኢቨንት ነው፣ ቪዲዮ ማየትም ኢቨንት ነው። ይህ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት

ወረቀት አውጡ። ከዌብሳይታችሁ ማወቅ የምትፈልጉትን ጥያቄ ጻፉ። አምስት ይበቃል። የሱቃችን ባለቤት ብትጽፍ እንዲህ ትል ነበር፦ ቀሚስ የሚገዙኝ ከየት አገር ነው? ቴሌግራም ላይ የምለጥፈው ፎቶ ሰው ያመጣል ወይ? ስንት ሰው ስልክ ቁጥሬን ነካ? ሰው ክፍያ ገጽ ድረስ መጥቶ ለምን ይመለሳል? የትኛው ቀሚስ ታይቶ ሳይገዛ ይቀራል?

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ አሮጌውን ሪፖርት አዲሱ ውስጥ ለመገንባት ይደክማል። አትድከሙ። አሮጌው ላይ ከነበሩት ቅንብሮች ግማሹ ማንም የማያያቸው ነበሩ። ጥያቄያችሁን የማይመልስ ነገር አትውሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግን የሚመልሰው ኢቨንት አጠገቡ ይጻፍ። ያ ወረቀት የሥራ ዝርዝራችሁ ነው።

አካውንቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የተጎዳው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ የማውቃቸው ሰዎች ለብዙ ዓመት የሰበሰቡትን ዳታ አጡ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ዌብሳይቱን የሠራላቸው ልጅ አናሊቲክሱን በራሱ ጂሜይል ከፈተው። ልጁ ሥራ ቀይሮ ከአገር ወጣ። ኢሜይሉ ተዘጋ። ዳታው የነሱ ነው፣ ቁልፉ ግን አልነበራቸውም። ክፋት አልነበረበትም፣ ማንም አላሰበበትም እንጂ።

ስለዚህ ለድርጅቱ የሚሆን ኢሜይል ይኑራችሁ፤ አናሊቲክሱም፣ ታግ ማኔጀሩም፣ የማስታወቂያ አካውንቱም በሱ ይከፈቱ። ዴቨሎፐሩን እንደ ተጠቃሚ ጨምሩት፤ የ«ኤዲተር» ፈቃድ ለሥራው ይበቃዋል። የ«አድሚኒስትሬተር» ፈቃድ ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዝ፣ አንዱ ባለቤቱ ይሁን።

አሁን አናሊቲክሱ ላይ «አድሚን» ውስጥ ግቡ። አዲስ ፕሮፐርቲ፣ ማለትም የዌብሳይታችሁ ዳታ የሚሰበሰብበትን ክፍል፣ ከመክፈታችሁ በፊት ግን ያለውን እዩ። ጉግል በ2023 ራሳቸው ላልተዛወሩ ብዙ ሰዎች ጂኤ4 ፕሮፐርቲ በራሱ ከፍቶላቸዋል። ምናልባት እናንተም ጋ ሳታውቁት አለ። ካለ፣ ዳታ እየገባበት ከሆነ፣ ያንኑ አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት፤ የተሰበሰበውን ለምን ትጥሉታላችሁ? ውስጡ ያለውን ሁሉ ግን አትመኑት። ከአሮጌው የተገለበጡ ግቦች ስማቸው የማይገባ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይሠሩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

አዲስ የምትከፍቱ ከሆነ ሁለት ነገር በጥንቃቄ ምረጡ። አንደኛው የሰዓት ቀጠና ነው። ኢትዮጵያን ምረጡ፣ ጂኤምቲ ሲደመር ሦስት። ካልነካችሁት የአሜሪካ ሰዓት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የማክሰኞ ጠዋት ገበያችሁ ሰኞ ላይ ይጻፋል። ሪፖርቱ ውስጥ የምታዩት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር መሆኑንም ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ፤ 9 ሰዓት የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በብር የምትሸጡ ከሆነ ብር አድርጉት። ሪፖርቱን በዶላር ካደረጋችሁ ጂኤ4 ብሩን በጊዜው ምንዛሪ ይመነዝረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲደረግ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን ሽያጭ ሳይቀንስ በዶላር የተጻፈው ሪፖርት ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚያ «ዳታ ስትሪም»፣ ማለትም ዳታው የሚመጣበትን መስመር፣ ክፈቱ፣ «ዌብ» በሉ፣ የዌብሳይቱን አድራሻ ጻፉ። በ«ጂ» የሚጀምር መለያ ይሰጣችኋል። ቅዱት።

ኮዱን መትከል፦ አንድ መንገድ ብቻ

ሦስት መንገድ አለ። ኮዱን በቀጥታ የዌብሳይቱ ራስጌ ላይ መለጠፍ፤ በታግ ማኔጀር ማስገባት፤ ዎርድፕረስ ከሆነ ደግሞ የጉግልን የራሱን ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ)፣ ሳይት ኪትን፣ መጠቀም። ለጀማሪ ሳይት ኪት ይቀላል። ቁልፍ መንካትን፣ ስልክ መደወልን የመሰለ የራሳችሁን ኢቨንት መቁጠር ከፈለጋችሁ ግን ታግ ማኔጀር ይሻላል፤ እኔ የምመክረው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ለእያንዳንዱ ነገር ዴቨሎፐር መጥራት አያስፈልግም።

የትኛውንም ምረጡ፣ አንዱን ብቻ ምረጡ። አንድ ዌብሳይት ላይ መለያው ሦስት ቦታ ተተክሎ አይቻለሁ፦ ቴምፕሌቱ ውስጥ፣ ፕለጊኑ ውስጥ፣ ታግ ማኔጀሩ ውስጥ። ሁሉም ይቆጥራሉ። አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ባለቤቶቹ ጎብኚ በዛልን ብለው ተጨማሪ የማስታወቂያ በጀት ጠየቁ። በዚህ መልክ የወጣ ብር አይመለስም። ስለዚህ አዲሱን ስትተክሉ የገጹን ኮድ እንደገና ከፍታችሁ መለያውን ፈልጉ፤ አሮጌውን የዩኤ ኮድም በዚያው አውጡት። ምንም አይሠራም፣ ገጹን ግን ያዘገየዋል፤ በሞባይል ዳታ ለሚገባ ሰው እያንዳንዷ ኪሎባይት ዋጋ አላት።

ከተከላችሁ በኋላ ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ዌብሳይቱን ክፈቱ። አናሊቲክስ ላይ «ሪልታይም» የሚለውን እዩ። በጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ውስጥ ራሳችሁን ማየት አለባችሁ። ዋናዎቹ ሪፖርቶች ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ። በማግስቱ ባዶ ሆኖ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ምንም ነገር አትንኩ።

በመጀመሪያው ቀን መስተካከል ያለባቸው

እነዚህን ለነገ አታሳድሩ። ጂኤ4 ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተካክልም፣ ቅንብሩ የሚሠራው ከተቀየረበት ቀን ወዲህ ነው።

የዳታ ማቆያ ጊዜ። «ዳታ ሪቴንሽን» የሚለውን ፈልጉ። ሲከፈት 2 ወር ላይ ነው ያለው። 14 ወር አድርጉት። ይህ የሚነካው «ኤክስፕሎር» የሚባለውን ጥልቅ ትንተና ነው፤ የተለመዱት ሪፖርቶች ላይ ችግር የለውም። ግን የዘንድሮን ፋሲካ ከአምናው ጋር በዝርዝር ማነጻጸር ስትፈልጉ 2 ወር ላይ ከተዋችሁት አምና የሚባል ነገር አታገኙም።

የራሳችሁ ሰዎች። የሱቁ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ዌብሳይቱን ስትከፍትና ስትዘጋ እንደ ደንበኛ ትቆጠራለች። የተለመደው ምክር የቢሮውን አይፒ አድራሻ መዝግቦ ማስወጣት ነው። እኛ አገር ይህ ብዙ ጊዜ አይጸናም፤ የቤትና የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻው ስለሚቀያየር ዛሬ ያወጣችሁት ነገ ተመልሶ ይገባል። የማይቀየር አድራሻ ያለው ቢሮ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሌላችሁ ሳይት ኪት ላይ የገቡ ተጠቃሚዎችን አትቁጠር የሚለውን ምልክት አድርጉና ሠራተኞቹ ሁልጊዜ ዎርድፕረስ ውስጥ ገብተው ይሥሩ። አይፒውን ከመዘገባችሁ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ማጣሪያው ሲፈጠር «ቴስቲንግ» ላይ ነው የሚቆመው። ካያችሁት በኋላ «አክቲቭ» ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። አክቲቭ ከሆነ በኋላ የወጣው ዳታ አይመለስምና መጀመሪያ አረጋግጡ።

የክፍያ ገጽ። ደንበኛችሁ ከቴሌግራም መጣች፣ ቀሚሱን መረጠች፣ ለመክፈል ወደ ቻፓ ወይም ወደ ፔይፓል ገጽ ሄደች፣ ከፍላ ተመለሰች። አናሊቲክሱ ስትመለስ ያያትና ሽያጩን ያመጣው የክፍያ ገጹ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የቴሌግራም ልፋታችሁ እዚያ ላይ ይጠፋል። የዳታ ስትሪሙን የታግ ቅንብር ክፈቱና «አንዋንትድ ሪፈራልስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ የምትጠቀሙበትን የክፍያ ገጽ አድራሻ አስገቡ።

የሰው ስልክ ቁጥር። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። አንዳንድ ዌብሳይት ትዕዛዝ ሲያልቅ የገዢውን ስልክ ወይም ኢሜይል በገጹ አድራሻ ውስጥ ይጽፈዋል። አድራሻው እንዳለ ወደ አናሊቲክስ ይሄዳል። የጉግል ደንብ ይከለክለዋል፣ የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ እንደ ቀልድ እንዲበተን አይፈቅድም። ከሁሉ በፊት ግን ሰው አምኖ የሰጣችሁ ቁጥር ነው። አንድ የሙከራ ትዕዛዝ ፈጽማችሁ የመጨረሻውን ገጽ አድራሻ በዓይናችሁ አንብቡት። ቁጥር ካለበት ዴቨሎፐሩ ከሥሩ ያስተካክለው፤ በተጨማሪ «ሪዳክት ዳታ» የሚለውን ቅንብር አብሩ።

ኢቨንቶቹን ማዘጋጀት

«ኤንሃንስድ ሜዠርመንት» የሚል ማብሪያ ዳታ ስትሪሙ ላይ አለ። ሲበራ ያለ ምንም ኮድ ብዙ ነገር ይቆጥራል፦ ገጹን እስከ 90 በመቶ ወርዶ ያነበበ፣ ወደ ሌላ ዌብሳይት የሚወስድ ሊንክ የነካ፣ ፋይል ያወረደ፣ የተሰቀለ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያየ፣ መፈለጊያው ላይ የጻፈ። አብሩት። የቴሌግራም ሊንካችሁን የነካ ሰው እዚያው ይገኛል፣ ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክ ነውና። ስልክ ቁጥር ለሚነካ ግን ታግ ማኔጀር ላይ የራሳችሁን ሥሩ።

አሮጌው ላይ እያንዳንዱ ኢቨንት ካተጎሪ፣ አክሽንና ሌብል የሚባሉ ሦስት ሳጥኖች ነበሩት። ብዙ ሰው እነዚያኑ ሦስት ሳጥኖች አዲሱ ላይ ሊያስገባ ይሞክራል። ይሠራል፣ ግን ያበላሻል። አዲሱ ላይ ስሙ ድርጊቱን ይናገር፣ ዝርዝሩ ፓራሜትር ይሁን። አሮጌው «ስልክ» ፣ «ክሊክ» ፣ «የግርጌ ቁጥር» የሚል ከነበረ፣ አዲሱ «ፎን ክሊክ» የሚል አንድ ኢቨንት ይሆንና «ቦታ» የሚል ፓራሜትር ግርጌ ወይም ራስጌ እያለ ይነግራችኋል።

ስም ስትሰጡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ብቻ ጻፉ፣ ክፍት ቦታውን በታች ሰረዝ ተኩት፣ ከ40 ፊደል አትለፉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፤ አንዱ ሠራተኛ በትልቅ፣ ሌላው በትንሽ ከጻፈ ሁለት የተለያየ ኢቨንት ሆኖ ቁጥሩ ለሁለት ይከፈላል። ስሞቹን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ጽፋችሁ ሁሉም ሰው ከዚያ ይቅዳ።

ቀጥሎ የሚረሳው ነገር ይኸው፦ ፓራሜትሩ ስለተላከ ብቻ ሪፖርት ላይ አይታይም። «ከስተም ዴፊኒሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ መመዝገብ አለባችሁ፣ የሚታየውም ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ለኢቨንት 50 ቦታ፣ ለተጠቃሚ 25 ቦታ አለ። ለትንሽ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው።

ሽያጭ የምትቆጥሩ ከሆነ ከ«ፐርቸዝ» ኢቨንት ጋር ዋጋው፣ የገንዘቡ ዓይነትና የትዕዛዝ ቁጥሩ አብረው መሄዳቸውን አረጋግጡ። የገንዘቡ ዓይነት ከሌለ ገቢው አይደመርም። የትዕዛዝ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ደንበኛዋ የምስጋናውን ገጽ ደግማ ስትከፍት ሁለተኛ ሽያጭ ይጻፋል።

መጨረሻ ላይ ከወረቀታችሁ ጥያቄዎች ጋር የሚሄዱትን ኢቨንቶች «ኪይ ኢቨንት» አድርጉ። ድሮ «ጎል» ይባል የነበረው ነው፤ ጂኤ4 መጀመሪያ «ኮንቨርዥን» ብሎት በ2024 ስሙን ቀየረው። ለሱቃችን ሦስት ይበቃሉ፦ ግዢ፣ ቴሌግራም መንካት፣ ስልክ መንካት። ገጽ መክፈትን ኪይ ኢቨንት አታድርጉ። ሁሉም ነገር ዋና ከሆነ ዋና የሚባል አይኖርም።

ኢቨንቶቹ መሥራታቸውን በታግ ማኔጀር «ፕሪቪው» እና በአናሊቲክሱ «ዲበግቪው» እያያችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ነክቻለሁ፣ ታይቷል፣ ቀጥሎ። ሳትሞክሩ ፐብሊሽ አታድርጉ።

አማርኛ ለሚጽፍ ዌብሳይት

ይህን ክፍል የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም፤ እኔም በሥራ ነው ያየሁት።

የገጹ አድራሻ በአማርኛ ከሆነ አንዷ ፊደል ወደ 9 ምልክት ትለወጣለች። «አዲስ» የምትለው ቃል ብቻዋን 27 ምልክት ትሆናለች። ዎርድፕረስ አድራሻውን 200 ላይ ስለሚቆርጠው ከ22 ፊደል ያህል በኋላ ያለው ይጠፋል። ሪፖርቱም ላይ የሚታየው ፐርሰንትና ቁጥር የተደባለቀ የማይነበብ ነገር ነው። ስለዚህ አዳዲስ ገጾችን አጭር የላቲን አድራሻ ስጧቸው፣ አማርኛውን ርዕሱ ላይ አኑሩት። ሪፖርቱን ስትከፍቱም ከገጽ አድራሻ ይልቅ የገጽ ርዕስን ምረጡ።

ሌላው ፍለጋ ነው። ሰው ሱቃችሁ ውስጥ ሲፈልግ አንዷ «ሀበሻ ቀሚስ» ትላለች፣ ሌላዋ «ሐበሻ ቀሚስ» ትላለች። «ጸጉር» አለ፣ «ፀጉር» አለ። ለእኛ አንድ ነው፣ ለአናሊቲክሱ ግን ሌላ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ ብዙ የተፈለገ ነገር ተበታትኖ ዝርዝሩ ግርጌ ሊደበቅ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ዝርዝሩን አውርዱና ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን፣ አና ዐን አንድ አድርጋችሁ ደምሩ። ኤክሴል ላይ በፈልግና ተካ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ሰዎች ምን እንደሚፈልጉና እናንተ ጋ ምን እንደጎደለ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ቴሌግራም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአፑ ተነስቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ዳይሬክት» ተብሎ ይጻፋል፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት አብሮት ስለማይመጣ ነው። መፍትሔው ዩቲኤም ነው፤ ሊንክ ጭራ ላይ የሚጨመር፣ ሰው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት። እነዚህ ሦስት ፊደላት እንኳ ከዚያ ከኧርቺን ስም የቀሩ ናቸው። ቻናላችሁ ላይ የምትለጥፉት ሊንክ ጭራ ላይ ምንጩን «ቴሌግራም»፣ መንገዱን «ሶሻል»፣ ዘመቻውን ለምሳሌ «ፋሲካ» ብላችሁ በላቲን ትንሽ ፊደል ጨምሩ። ጉግል ሊንኩን የሚሠራላችሁ ነፃ ገጽ አለው። የራሳችሁ ዌብሳይት ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ በሚወስዱ ሊንኮች ላይ ግን በፍጹም አትጨምሩ፤ እውነተኛውን ምንጭ ያበላሹታል።

የአገር ዝርዝሩንም በጥንቃቄ አንብቡ። ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ሆላንድ ወይም ጀርመን ተብሎ ይቆጠራል። ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋ የውጭ ጎብኚ በድንገት ቢበዛ ዲያስፖራው መጣ ብላችሁ አትደምድሙ፤ ከክፍያውና ከመላኪያ አድራሻው ጋር አስተያዩት።

ቁጥሮቹ ለምን አይገጥሙም?

አለቃችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ የድሮውን ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ጎብኚ ለምን ቀነሰ ይላል። መልሱን አዘጋጁ። አሮጌው ዋና ብሎ የሚያሳየው ጠቅላላ ተጠቃሚን ነበር፣ አዲሱ ንቁ ተጠቃሚን ነው። አሮጌው እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ወይም ሰውየው በሌላ ዘመቻ ሊንክ ሲመለስ አዲስ ሴሽን (አንድ ጉብኝት) ይከፍት ነበር፤ አዲሱ ያንኑ ይቀጥላል። ስለዚህ ሴሽን ይቀንሳል፣ ሰው ግን አልቀነሰም።

ባውንስ ሬት ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ድሮ አንድ ገጽ ከፍቶ ሌላ ሳይነካ የወጣ ሁሉ ባውንስ ነበር፤ ጽሑፋችሁን አራት ደቂቃ አንብቦ ጠግቦ የወጣም ቢሆን። አሁን ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ ያየ፣ ወይም ኪይ ኢቨንት የፈጸመ «ኢንጌጅድ» ይባላል። ባውንስ የሚባለው የቀረው ነው። ለእኔ አዲሱ ለአንባቢ የሚቀርብ ፍርድ ነው። ግን ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ግራፍ ላይ አታስቀምጡ፤ ስማቸው እንጂ ነገራቸው አንድ አይደለም።

ዓመትን ከዓመት ስታነጻጽሩም በዓሉን ተከተሉ፣ ቀኑን አይደለም። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር። ኤፕሪልን ከኤፕሪል ጋር ብታነጻጽሩ የአንዱ ዓመት የፋሲካ ገበያ ገብቶ የሌላው በከፊል ወደ ሜይ ያመልጣል። ከበዓሉ በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ከሦስት ሳምንታት ጋር አስተያዩ።

ዳታው እንዳይጠፋ

አንድ ጊዜ ተዘግቷል፣ ነገም ሊዘጋ ይችላል። ጂኤ4 ጥሬ ዳታውን የጉግል የዳታ ማከማቻ ወደሆነው ቢግኩዌሪ በነፃ ይልካል፣ በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ኢቨንት። «ፕሮዳክት ሊንክስ» ውስጥ አገናኙት። የሚላከው ካገናኛችሁበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ዛሬ አድርጉት። ካርድ ሳታስገቡ ከተጠቀማችሁ ግን ሠንጠረዦቹ ከ60 ቀን በኋላ ይጠፋሉ። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌላችሁ በየወሩ መጀመሪያ ዋና ዋና ሪፖርቶችን አውርዳችሁ ድርጅቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ለትንሽ ሱቅ እሱ ይበቃል።

ከአውሮፓ ጎብኚ ካላችሁ፣ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችን ከገቡ፣ ከመቁጠራችሁ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ያስፈልጋችኋል፤ እሱንም የጎብኚውን ፈቃድ ለጉግል ኮድ ከሚነግረው «ኮንሰንት ሞድ» ጋር አያይዙት። ዳታው በራሴ ሰርቨር ላይ ይሁን የሚል ደግሞ ማቶሞን ይመልከት። ድሮ ፒዊክ ይባል የነበረው ነው፤ ነፃ ነው፣ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ስለሚሠራ ዎርድፕረስን የሚያስተናግድ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ማዘመኑና መጠባበቂያው ግን የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ ደብተር ይኑራችሁ። መለያው የተተከለበት ቀን፣ ማጣሪያው አክቲቭ የሆነበት ቀን፣ የኢቨንት ስም የተቀየረበት ቀን፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ቀን፣ ሁሉም ይጻፍ። ጂኤ4 ራሱ አሁን ግራፉ ላይ ማስታወሻ መለጠፍ ይፈቅዳል፣ ተጠቀሙበት። ከአንድ ወር በኋላ ያንን የመጀመሪያ ወረቀት አውጡና ጥያቄዎቹን በየተራ በሪፖርቱ መልሱ። ያልተመለሰ ካለ ወደ ታግ ማኔጀር ተመለሱ፤ የጎደለው ኢቨንት አለ ማለት ነው።